ዓለም ዋንጫው የሚጀመረው ከዞን አምስት ነው



ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ሁላችንም ፊባ የምንለው፣ የሚሠራው በፈረንጆች የቀን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ካልጠራሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የቀኑን ነገር ኋላ ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ፤ ልጆቻችንን ከውድድር የሚያስቀር ጉዳይ ነውና።

በጁላይ 2019 ቀርጤስ በምትባለው የግሪክ ደሴት፣ በሄራክሊዮን ከተማ፣ ከ19 ዓመት በታች የወንዶች ዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ተደረገ። በአንድ ወገን የተሰለፈችው አሜሪካ ነበረች፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በሌላው ወገን የተሰለፈችው ማሊ ነበረች። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ፈረንሳይን ጥላ ነው ለዚያ የበቃችው። በፍጻሜው 93 ለ 79 ተሸነፈች። ሆኖም በየትኛውም የዕድሜ እርከን ለፊባ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆና የብር ሜዳሊያውን ይዛ ወደ ባማኮ ተመለሰች። ማሊ ሀብታም አገር አይደለችም። የሕዝቧ ቁጥር የእኛን ሩብ እንኳ አይሞላም። በ2012 መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶባታል፤ ሰሜኑ በጦርነት ታምሷል፤ ሰላሟም እስካሁን አልተመለሰም።

ያን የብር ሜዳሊያ ብዙ ሰው እንደ ተአምር አወራው። የቡድኑን መንገድ ወደ ኋላ ተከትዬ ስመረምረው እኔ ያገኘሁት የውድድር መርሐ ግብር ነው። በ2017 ሞሪሸስ ላይ ከ16 ዓመት በታች የአፍሪካ ሻምፒዮና ተካሄደ፤ ማሊ በፍጻሜው ግብፅን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ያ ድል በ2018 አርጀንቲና ውስጥ በሮሳሪዮና በሳንታ ፌ ለተደረገው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ አሳለፋት። እዚያም ኦማር ባሎ የሚባል ገና 16 ዓመት ያልሞላው ረጅም ልጅ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር በተደረገው አንድ ጨዋታ ብቻ 32 ሪባውንድ ሰበሰበ። ወር ሁለት ወር ሳይቆይ ባማኮ ከ18 ዓመት በታች የአፍሪካ ሻምፒዮናን አስተናገደች። ማሊ አንደኛ፣ ሴኔጋል ሁለተኛ ሆኑ፤ ሁለቱም ለሄራክሊዮን አለፉ። ባሎ ሄራክሊዮንም ላይ ነበረ። ከሞሪሸስ እስከ ሄራክሊዮን ያለው ርቀት ሁለት ዓመት ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ የማሊ ትውልድ አራት ትልልቅ ውድድሮችን ተጫወተ። አሜሪካ ፊት ሲቆሙ ለትልቅ ጨዋታ እንግዳ አልነበሩም።

ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ማጣሪያ ውድድር አልፋለሁ ብሎ የተማመነ አገር ብቻ የሚሄድበት ቦታ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንድ አገር ቢያልፍም ባያልፍም፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ሳይቀር ሊገኝበት ይገባል። በየዑደቱ የተገኙ አገሮች አድገዋል። አንዴ ተገኝተው አንዴ የሚጠፉ አገሮች ደግሞ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

እስቲ አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፊባ ሁለት የወጣቶች ዓለም ዋንጫ አለው፤ ከ17 ዓመት በታችና ከ19 ዓመት በታች። ሁለቱም ለወንዶችም ለሴቶችም በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳሉ። ከ19 በታች የሆነው በ1979 ብራዚል ውስጥ በሳልቫዶር የተጀመረ ነው፤ ከ17 በታች የሆነው ግን ገና በ2010 የመጣ አዲስ ውድድር ነው። በእያንዳንዱ 16 ቡድኖች ይሳተፋሉ። ለሄራክሊዮን ቦታው እንዴት እንደተከፋፈለ ብነግራችሁ ሥዕሉ ግልጽ ይሆናል፤ ለአውሮፓ አምስት፣ ለሰሜንና ደቡብ አሜሪካ አራት፣ ለእስያና ኦሺኒያ በአንድነት አራት፣ ለአፍሪካ ሁለት፣ ለአስተናጋጇ አንድ። ከሃምሳ በላይ አገሮች ላሉባት አህጉር ሁለት ቦታ! ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች የሚደረገው ትግል በአህጉሩ ሻምፒዮና ይፈታል። ወደ አህጉሩ ሻምፒዮና ለመግባት ደግሞ የዞን ማጣሪያ አለ። አፍሪካ በሰባት ዞኖች ተከፋፍላለች፤ እኛ ያለንበት ዞን አምስት ነው። ከእኛ ጋር ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ አሉበት።

ግብፅ በዞናችን መሆኗን ብዙዎች እንደ መርገም ያዩታል። እኔ እንደ በረከት አየዋለሁ። በአህጉሩ ካሉት ጠንካራ የወጣት ቡድኖች አንዱን ያን ያህል ርቀት ሳንሄድ፣ በይፋ ጨዋታ፣ በይፋ ዳኛ ልንገጥም እንችላለን። የምንፈልገው ቡድናችን የት እንዳለ ማወቅ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ከየት ይመጣል?

አንድ ልጅ በዞን ማጣሪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚያገኝ አስቡት። አብዛኞቹ ልጆቻችን የሚያድጉት በሲሚንቶ ሜዳ፣ መረብ በሌለው ቀለበት ሥር ነው። የ24 ሰከንድ ሰዓት አይተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። በፊባ ጨዋታ አጥቂው ቡድን በ8 ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ሜዳውን መሻገር፣ በ24 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ኳሱን ወደ ቀለበቱ መሞከር አለበት። ሞክሮ ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ሲመለስ መልሶ ካገኘው የሚሰጠው 14 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ሕግ ይመስላል። ሜዳው ላይ ግን አስተሳሰብን ይለውጣል። ኳስ ይዞ ማሰብ የለመደ አቀባይ ሳያስብ የሚያውቀው ነገር እንዲኖረው ይገደዳል። ሁለት ተከላካይ ከሜዳው ጫፍ ጀምሮ ሲያጣብቀው ኳሱን ወዴት እንደሚልክ አስቀድሞ መማር አለበት። ይህን ትምህርት በቃል ማስተማር ይቻላል፤ በእግር ካልተማሩት ግን አይገባም። በተከታታይ ቀናት እየተጫወቱ፣ ማታ የነገውን ባላጋራ በቪዲዮ እያዩ፣ ደክመው በመነሣት የሚገኝ ነገር ነው። አሰልጣኙም እኩል ይማራል፤ ዳኞቻችንም እዚያ ሲመደቡ ይማራሉ። ቡድኑ ሲመለስ የሚመጡት ተጫዋቾቹ ብቻ አይደሉም፤ ለየትምህርት ቤቱ የሚዳረስ ዕውቀትም አብሮ ይመጣል።

«ተሸንፈን እንዋረዳለን» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ከልብ የመነጨ እንደሆነም አልጠራጠርም። የአገር ስም በደረት ላይ ተጽፎ በ40 ነጥብ መሸነፍ ያማል። ግን የአውሮፓን ሥርዓት ተመልከቱ። በአውሮፓ ከ16፣ ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሻምፒዮና በየበጋው ይካሄዳል። ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች ባሉት ውድድሮች አገሮቹ በሦስት ዲቪዚዮኖች ተከፍለዋል። በሦስተኛው ዲቪዚዮን እንደ ማልታ፣ ሳን ማሪኖ፣ ጂብራልታርና አንዶራ ያሉ ጥቃቅን አገሮች ይጫወታሉ። የሳን ማሪኖ ሕዝብ በሙሉ የአዲስ አበባን አንድ ወረዳ ላይሞላ ይችላል። ዓለም ዋንጫ እንደማይደርሱም ያውቃሉ። ሆኖም በየበጋው ይገኛሉ፤ ልጆቻቸው ለአገራቸው ይጫወታሉ፤ አሰልጣኞቻቸው ከዓመት ዓመት ምን እንደተሻሻለ በቁጥር ያያሉ። ማንም ውርደት አይለውም። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን በዞናችን መገኘትን የምንፈራበት ምክንያት የለም።

የእኛ አህጉር ደግሞ የራሷ ምሳሌ አላት። ማዳጋስካር በ2022 ከ18 ዓመት በታች የአፍሪካ ሻምፒዮናን በአንታናናሪቮ አስተናገደች። የራሷን ሕዝብ ከኋላዋ አድርጋ እስከ ፍጻሜው ሄደች፤ በግብፅ ብትሸነፍም ሁለተኛ በመሆኗ በ2023 ሃንጋሪ፣ ደብረጸን ላይ ከ19 በታች ዓለም ዋንጫ ተጫወተች። ሩዋንዳም ሌላ ትምህርት ነች። ዛሬ ሰው ስለ ኪጋሊ ሲያወራ በ2019 ስለተከፈተው ትልቅ አዳራሽና ስለ አፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ያወራል። ሩዋንዳ ግን ያ አዳራሽ ሳይሠራ፣ በ2016፣ ከ18 ዓመት በታች የወንዶች ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናግዳለች። መጀመሪያ ልጆቹን አስቀደመች፤ ትልቁ ነገር ኋላ መጣ።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ ልመለስ። መምህራን፣ እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ።

የፊባ የዕድሜ ገደብ የሚቆጠረው በተወለዱበት የፈረንጅ ዓመት ነው። በ2025 ለተካሄደው ከ16 ዓመት በታች ውድድር የተፈቀደላቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የተወለዱ ናቸው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ አይገባም፤ ታኅሣሥ 23 የተወለደ ይገባል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተወለደችና በጥር 2001 ዓ.ም. የተወለደች ሁለት ልጆች በእኛ ዘንድ እኩያሞች ናቸው፤ ልደታቸው አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ተጽፏል። በፊባ ዘንድ ግን አንዷ የ2008፣ ሌላዋ የ2009 ልጅ ነች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወደ መጨረሻው ገደማ ለተወለደ የምንደምረው ሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ስምንት። ስምንት ብቻ መደመር የለመደ ሰው የኅዳሯን ልጅ በ2009 አስገብቶ ይጽፋታል። ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ግን የሐሰት ዕድሜ ሰነድ አዘጋጀ ማለት ነው። ያ ሰነድ ሲመረመር ልጅቷ ትባረራለች፤ ቡድኑም ሊቀጣ ይችላል። የዕድሜ ማጭበርበር በአፍሪካ የወጣቶች ስፖርት ላይ የቆየ ነቀርሳ በመሆኑ ለስህተትና ለማታለል የሚሰጠው ምሕረት ትንሽ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ብዙ ጊዜ ሰው አያስበውም። ከ16 በታች የአፍሪካ ሻምፒዮና የሚካሄደው ጎዶሎ ቁጥር በሆነው የፈረንጅ ዓመት ነው፤ 2021፣ 2023፣ 2025። ስለዚህ በ2009 የተወለደ ልጅ በ2025 ልክ 16 ሆኖ ለዕድሜው የበሰለ ተጫዋች ሆኖ ይገባል። በ2010 የተወለደው ግን በ2025 ገና 15 ነው፤ በ2027 ደግሞ 17 ሆኖ ያልፍበታል። እርሱ ከ16 በታች ውድድር ሊጫወት የሚችለው ከታላላቆቹ ጋር እየታገለ ብቻ ነው። ከ18 በታች ውድድር ላይ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ያ ውድድር ተጋማሽ ቁጥር በሆነው ዓመት፣ በ2024፣ በ2026፣ በ2028 ስለሚሆን፣ የ2010ሩ ልጅ በ2028 ሙሉ 18 ሆኖ ይደርሳል። ዕድሜው ወደኋላ ያስቀረውን ልጅ በ15 ዓመቱ «አይሆንም» ብላችሁ አትጣሉት። ተራው የሚደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አገር አንድ ማጣሪያ ስትዘልም የሚቀረው አንድ ውድድር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሙሉ ብስለት የመጫወቻ ዕድሉ ያ ብቻ የነበረ አንድ የልደት ዓመት ሙሉ ይቀራል። ለእነዚያ ልጆች ሁለተኛ ጊዜ የለም።

የሰነድ ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ እንቅፋታችን ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ዛሬ በ16 ዓመት ደጃፍ ላይ ያሉት ልጆቻችን ሲወለዱ እንዲህ ያለ ምዝገባ አልነበረም። የልደት ምስክር ወረቀታቸው፣ ካለ፣ ኋላ የወጣ ነው። ፓስፖርት ለማውጣት ወረቀቱ፣ ወረቀቱን ለማውጣት የወላጅ ማስረጃ፣ ለማስረጃው ቀጠሮ ያስፈልጋል። ቡድን ከተመረጠ በኋላ ይህን ማሯሯጥ የጀመረ ፌዴሬሽን ጥሩ ተጫዋቾቹን ትቶ ወረቀት ያላቸውን ይዞ ይሄዳል። ወረቀቱ ከምርጫው አንድ ዓመት ቀድሞ መሠራት አለበት።

በውጭ ያሉ ልጆቻችንን በተመለከተም የሚነሣ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርት ጥሩ የሚጫወቱ ኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ፤ «እነሱን ብናመጣ» ይባላል። የፊባ ደንብ ግን የታወቀ ነው። የአገሪቱን ዜግነት ከ16 ዓመቱ በኋላ ያገኘ ተጫዋች በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ መሆን አይችልም። በትውልዱ መብት ኖሮት ከ16 ዓመቱ በፊት ያልጠየቀም በዚሁ ይቆጠራል። የእኛ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ ቢጫ ካርድ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ እንጂ ፓስፖርት አይደለም። ስለዚህ አሜሪካ ወይም እስራኤል ተወልዶ ያደገ ልጅ ቡድን ይሞላልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ይልቅ ማንም የማያነሣቸውን ልጆች ላንሣላችሁ። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ተወልደው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በመወለድ ዜግነት አይሰጡም። እነዚህ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። በጅዳና በሪያድ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ልጆቹም አማርኛ ይማራሉ። በፊባ ደንብ ያለ አንዳች ጥያቄ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሰነዳቸውም በእጃቸው ነው። ብሔራዊ ቡድን የሚመርጥ ሰው ወደ ጅዳ አንድ ስልክ ቢደውል የሚያጣው ነገር የለም።

ስለ ሴት ልጆች ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። በአፍሪካ የወጣት ሴቶች ቅርጫት ኳስ ማለት ለረጅም ዓመታት ማሊ ማለት ነበር። በ2021 ሃንጋሪ ላይ ከ19 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የማሊ ሴቶች አራተኛ ወጡ። ሲካ ኮኔ ከውድድሩ ምርጥ አምስት ተጫዋቾች አንዷ ሆና ተመረጠች፤ በቀጣዩ ዓመትም የአሜሪካው የሴቶች ሊግ ክለብ መረጣት። ይህ ሁሉ የሆነው ማሊ ሴቶቿን በየማጣሪያው ስለላከች ነው።

ነገር ግን በዚያው በ2021 ሌላም ነገር ወጣ። የማሊ ወጣት ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ በተጫዋቾቹ ላይ ፈጽሟል በተባለው ጾታዊ ጥቃት ተከሶ ታሰረ፤ ፊባም ምርመራ ከፍቶ አሰልጣኞችንና ኃላፊዎችን አገደ። ይህን የምነግራችሁ የማሊን ልጆች ድል ለማጠልሸት አይደለም፤ ድሉ የልጆቹ ነው። የምነግራችሁ ልጅን ወደ ውጭ አገር ውድድር መላክ ትልቅ አደራ ስለሆነ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ከቤተሰቧ ርቃ፣ ቡድን ውስጥ መቆየቷ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ሆቴል ታድራለች። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ሴት ልጃችሁ ስትመረጥ ሳታፍሩ ጠይቁ። አብራ የምትሄድ ሴት ኃላፊ ማን ናት? ልጄ ችግር ቢገጥማት ከአሰልጣኙ ውጭ ለማን ትናገራለች? መልስ ከሌለ እንዲኖር አስገድዱ። ይህን ያላሟላ ቡድን ከአገር መውጣት የለበትም፤ ቢያሸንፍም እንኳ።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ሳልነካው አላልፍም። ለዞን ማጣሪያ የሚጓዘው ቡድን 12 ተጫዋቾችና ጥቂት ኃላፊዎች ናቸው። ውድድሩ ናይሮቢ ከሆነ ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ በአውቶቡስ ይደረሳል። ካምፓላ፣ ኪጋሊ ወይም ዳሬሰላም ከሆነ አየር መንገዳችን በቀጥታ ይበርራል። የአህጉሩ ቡድኖች ወደ ውድድር ሲጓዙ በቦሌ ማለፋቸው የተለመደ ነው። የሌሎችን ልጆች እናሳልፋለን፤ የራሳችንን ለመላክ ግን በጀት የለም እንላለን። አንድ ዋና ቡድን ለማቋቋም ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲወዳደር የወጣት ቡድን ጉዞ ትንሽ ነው። የሚጎድለው አስቀድሞ ማቀድ ነው። የአህጉሩ ዑደት ከዓመታት በፊት ይታወቃል፤ በጀት ሲያዝ ግን የወጣቶቹ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይታወሳል።

ቅርጫት ኳስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነው የሚል ካለ ታሪኩን ይመልከት። በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ አነሣች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በዚያው ዓመት በመጋቢት የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ተካሄደ። የተሰለፉት አገሮች አምስት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ሞሮኮ፣ ጊኒና ኢትዮጵያ። የዚህ ስፖርት የአህጉር ውድድር ሲወለድ ቆመን አይተናል። ደቡብ ሱዳን ያኔ አገር አልነበረችም፤ የፊባ አባል የሆነችው በ2013 ነው። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈች፤ ከቡድኑ መካከል ካማን ማሉዋች የሚባል፣ ኡጋንዳ ውስጥ በስደት ያደገ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። እኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ከ17 በታችም ሆነ ከ19 በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ለአንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፍንም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ፤ በሚመጣው ሳምንት ልትጀምሩት የምትችሉት ነው። ዑደቱ እንደተለመደው ከሄደ የ2027ቱ ከ16 ዓመት በታች ውድድር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወለዱ ልጆች ነው። እነዚያ ልጆች አሁን በየክፍላችሁ ተቀምጠዋል። መምህራን፣ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ ስማቸውን፣ የልደት ቀናቸውን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቁመታቸውንም መዝግቡና ለየክልላችሁ ፌዴሬሽን በጽሑፍ ስጡ። ወላጆች፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን አውጡ፤ ልጃችሁ ባትመረጥም ለሌላ ነገር ያስፈልጋታል። የፌዴሬሽን ሰዎች በመካከላችን ካላችሁ፣ የዞን አምስት ምዝገባ ሲከፈት በወንድም በሴትም የኢትዮጵያን ስም አስገቡ፤ የምንችለውን ቡድን ይዘን እንሂድ፤ በቀጣዩም ዑደት እንመለስ።